ሕመሙ በየወሩ ይመጣል፣ የወር አበባው ግን ቀርቷል፦ ከማህፀን በር ሕክምና በኋላ የገጠመ አንድ ጉዳይ

ስለ ጉዳዩ

ባለጉዳይዋ የቤተሰባችን ሰው ናት። "ሌላዋ እንደኔ እንዳትንከራተት ጻፊው" ያለችኝም ራሷ ናት። ስሟን፣ ሰፈሯንና የታከመችባቸውን ቦታዎች ትቻለሁ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። የሕክምናውን ነገር የምጽፈው ሐኪሞቿ ባስረዷት መጠን ነው። ከወረቀቶቿም አይቻለሁ።

ጉዳዩ እንዲመዘገብ የፈለግሁት ብርቅ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ችግሩ ሲታወቅ ቀላል ነበር። እስኪታወቅ ግን ወራት አለፉ፤ በመካከሉ ያዩዋት ሰዎች ሁሉ ሥራቸውን ያልሠሩ አልነበሩም።

መነሻው

ሴትየዋ 41 ዓመቷ ነው። የሁለት ልጆች እናት ናት፤ አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ የልብስ ሱቅ አላት። ከወሊድ ውጪ ሐኪም ቤት የምትሄድ ሰው አልነበረችም። በኅዳር 2016 ዓ.ም. ጎረቤቷ "ነይ አብረን እንመርመር" ብላ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ነው።

ይህ ምርመራ በአገራችን በተለይ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ይመከራል። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሴቶች ቀደም ብለው ይጀምራሉ። በብዙ ጤና ጣቢያ የሚሠራው ቪ አይ ኤ የሚባለው ነው። ባለሙያዋ የማህፀን በርን ኮምጣጤ ውስጥ ባለው አሲድ ትቀባና ጥቂት ትጠብቃለች። የተለወጠ ቦታ ካለ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ነጩ ቦታ ትንሽ ከሆነና ዳር ዳሩ በሙሉ ከታየ እዚያው፣ በዚያው ቀን፣ በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ይታከማል።

የእሷ ግን ወደ ውስጥ፣ ወደ ቀዳዳው ገብቶ ነበር። መጨረሻው አይታይም። እንዲህ ሲሆን በሙቀት ማከም አይበቃም፤ የማይታየው ክፍል ሳይታከም ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ሪፈር ተጻፈላትና ጥር ላይ ሆስፒታል ሊፕ ተሠራላት። ሊፕ ማለት ኤሌክትሪክ በሚያልፍበት ቀጭን የሽቦ ቀለበት የታመመውን ክፍል ቆርጦ ማውጣት ነው። ቦታውን በመርፌ አደነዘዟት፣ ሠሩላት፣ በዚያው ቀን ቤቷ ገባች። የተቆረጠው ወደ ፓቶሎጂ፣ ማለትም ሥጋው በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት ክፍል፣ ተላከ።

ስትወጣ ሲስተሯ በደንብ መክራታለች። ለጥቂት ሳምንታት ፈሳሽ ይኖርሻል። ለአንድ ወር ከባልሽ ጋር ግንኙነት አታድርጊ። ደም ከበዛብሽ፣ ትኩሳት ከያዘሽ፣ ፈሳሹ ከሸተተ ቶሎ ነይ። ምክሩ ትክክል ነው። "የወር አበባሽ ቢቀርስ?" የሚለው ብቻ አልነበረበትም።

የተሰጣት ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው፣ ያውም በእጅ ጽሑፍ። መሳቢያ ገባ። የፓቶሎጂ ውጤት ለመውሰድ ቀጠሮ ነበራት። አልሄደችም። "ካንሰር ነው ቢሉኝስ?" ብላ ፈራች። ይህ ፍርሃት በኋላ ብዙ ነገር አበላሽቷል።

ችግሩ እንዴት ጀመረ

ፈሳሹ በወሩ ገደማ ደረቀ። የካቲት ላይ የወር አበባዋ በሚመጣበት ጊዜ ቡናማ ጠብታ ብቻ አየች። መጋቢት ላይ ጭራሽ አልመጣም። መጀመሪያ አልከፋትም። ቁስሉ እስኪድን ነው ብላ አሰበች። እንደውም ዐቢይ ጾም ላይ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳትቀር መግባቷ ደስ ብሏት ነበር።

ከዚያ ሕመሙ መጣ። ታችኛው ሆዷን እንደ ምጥ እየጨመቀ ይይዛታል፤ ወገቧንና ጭኗን ይከፋፍላታል። አራት አምስት ቀን ያሠቃያትና በራሱ ይለቃታል። ሲለቃት ደግሞ ምንም እንዳልነበረባት ሰው ሱቋን ከፍታ ትሸጣለች። የሚያዝያው የያዛት በሰሞነ ሕማማት ሰኞ ነበር። የስግደት ድካም ነው አለች። ማንም ቢሆን እንደዚያ ይል ነበር።

የተሞከሩት ነገሮች

መጀመሪያ ፋርማሲ ሄደች። ማስታገሻ ገዛች፤ ቀለል አደረገላት። አንዲት ጎረቤት "ብርድ ነው የመታሽ" አለቻት፤ ትኩስ ነገር ጠጣች፣ ሆዷን በጨርቅ አሰረች። ግንቦት ላይ ሕመሙ ሲብስ አንድ የግል ክሊኒክ ገባች። "ሆዴን ያመኛል፣ ሽንቴም ቶሎ ቶሎ ይመጣል" አለች። ሽንት ተመረመረ፣ የሽንት ኢንፌክሽን ተባለ፣ አንቲባዮቲክ ታዘዘላት። ሊፕ መሠራቷን አልተናገረችም። አልጠየቋትምም።

ሰኔ ላይ ሌላ ክሊኒክ ሞከረች። እዚህ የወር አበባዋ መቅረቱን ተናገረች። የእርግዝና ምርመራ ተደረገላት፤ የለም። "መርፌ ትወስጂያለሽ?" ብለው ጠየቋት። የሦስት ወሩ የወሊድ መከላከያ መርፌ የወር አበባን ሊያስቀር ስለሚችል ጥያቄው ተገቢ ነው። እሷ ግን መርፌውን ካቆመች ከዓመት በላይ ሆኗታል። ከዚያ ዕድሜዋ ታየና "ማረጥ ጀምረሽ ይሆናል" ተባለች። ለሕመሙ ደግሞ የማህፀን ኢንፌክሽን ተብሎ ሁለት ዓይነት መድኃኒት ተሰጣት። ዋጠቻቸው። ሕመሙ በጀመራት በአራተኛው ቀን ተሻላት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፤ ጉዳዩን ያወሳሰበው ዋናው ነገር ይህ ይመስለኛል። ሕመሙ ያለ መድኃኒትም በአራት በአምስት ቀን ይለቃል። እሷ ሐኪም ቤት የምትሄደው ሕመሙ ሲብስ፣ ማለትም በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ነው። መድኃኒቱን በጀመረች በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ሕመሙ በራሱ ጊዜ ይጠፋል። ምስጋናውን መድኃኒቱ ይወስዳል። በሚቀጥለው ወር ሲመለስ ደግሞ "ኢንፌክሽኑ አገረሸ" ይባላል። የማይሠራ መድኃኒት የሚሠራ ይመስላል፣ የተሳሳተ ግምትም ትክክል ይመስላል። ክሊኒክ በቀያየረች ቁጥር ደግሞ ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል።

አልትራሳውንድም ተነስታለች። ከሰኔው ሕመም በኋላ፣ ሲሻላት። በማዘዣው ላይ የተጻፈው "የታችኛው ሆድ ሕመም" ብቻ ነው። ውጤቱ ላይ ኩላሊቷ ደህና፣ እንቁልጢዋ ደህና ይላል፤ በመጨረሻ አካባቢ "ማህፀን ውስጥ ትንሽ ፈሳሽ አለ" የሚል አንድ መስመር አለ። ማንም ትኩረት አልሰጠውም። አንሺው ማዘዣው ላይ "ከአምስት ወር በፊት ሊፕ ተሠርቶላታል፣ የወር አበባዋም ቀርቷል" የሚል ቢያነብ ኖሮ ያችን መስመር ከላይ ያስቀምጣት ነበር ብዬ አምናለሁ።

ወጪውም ቀላል አልነበረም። ቤተሰቡ የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አለው። እሱ ግን ከጤና ጣቢያ ተነስቶ በሪፈር ለሚሄድ ነው የሚሠራው። እሷ ሰልፉን ፈርታ የግል ክሊኒክ ስለሄደች ሁሉንም ከኪሷ ከፈለች።

ዝምታው

ለምን ስለ ሊፑ አትናገርም ነበር? ስጠይቃት "ካንሰሩ ተመልሶ እንደሆነ እርግጠኛ ነበርኩ" አለችኝ። ካንሰር አለብሽ ያላት ሰው የለም። "ቅድመ ካንሰር" (ገና ካንሰር ያልሆነ፣ ካልታከመ ግን ሊሆን የሚችል ለውጥ) ከሚለው ውስጥ የቀረላት ሁለተኛው ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ በየክሊኒኩ ሕመሟን እየተናገረች ምክንያት ይሆናል ብላ የፈራችውን ትደብቃለች። ሐኪሙ ራሱ ሌላ ነገር ቢያገኝ ትመርጣለች። ለባሏም የነገረችው "ጨጓራዬ ነው" ብላ ነው። ጸበልም ሄዳለች፤ እዚያ ሰላም አግኝቻለሁ ትላለች፣ እኔም አልከራከራትም።

ነገሩ የተገለጠው እንዴት ነው

ሐምሌ ላይ የባሏ እህት ሱቅ ስትመጣ ባንኮኒው ላይ ተደፍታ አገኘቻት። ይህች ሴት ነገር አትተውም። "መቼ መቼ ነው የሚያምሽ? አንድ በአንድ ንገሪኝ" አለቻት። ቀን የመዘገበ የለም። ግን እንደ ብዙዎቻችን የምታስታውሰው በበዓል ነው። የመጋቢቱ የጊዮርጊስ ዕለት ነበር። የሚያዝያው የሰሞነ ሕማማት ሰኞ፣ ማርያም ናት። የግንቦቱ የገብርኤል ዕለት። የሰኔው የጀመረበት ቀን ክሊኒኩ ወረቀት ላይ ተጽፏል፣ 17። ዛሬ ደግሞ ሐምሌ 15።

ካሌንደር አውርደው ምልክት አደረጉበት። 23፣ 21፣ 19፣ 17፣ 15። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ ሕመሙ በየወሩ ሁለት ሁለት ቀን እየቀደመ ነው። ማለት በየ28 ቀኑ ይመጣል። የወር አበባዋም ድሮ በ28 ቀን ነበር የሚመጣው። የባሏ እህት "ይሄ እኮ የወር አበባ ነው፣ ደሙ ብቻ ነው የሌለው" አለች። ሕክምና አልተማረችም። ካየኋቸው ግምቶች ሁሉ ግን ወደ እውነቱ የቀረበው የእሷ ነው።

በዚያው ሳምንት ጤና ጣቢያ ሄደው ሪፈር አጻፉና ሊፑ ወደተሠራበት ሆስፒታል ተመለሱ። ይዘው የሄዱት ከመሳቢያ የወጣውን ወረቀት፣ የአልትራሳውንዱን ውጤት፣ የወሰደቻቸውን መድኃኒቶች ካርቶንና ካሌንደሩን ነው። ሐኪሙ ብዙ አልጠየቀም። "እህቴ፣ ሙሉ የወር አበባ ለመጨረሻ ጊዜ የመጣልሽ መቼ ነው?" አላት። "ከሊፑ በፊት" አለች። ካሌንደሩን አየና ፋይሏ እንዲወጣ አዘዘ።

ፋይሉ ውስጥ የፓቶሎጂው ውጤት ቁጭ ብሎ ይጠብቃት ነበር። ከፍተኛ ደረጃ ቅድመ ካንሰር ነው፤ ካንሰር የለም፤ የተቆረጠው ጠርዝ ንጹሕ ነው። ያንን ሁሉ ወር የፈራችው ነገር መልሱ ወረቀት ላይ ተጽፎ ነበር። እዚያው አለቀሰች።

ምክንያቱ

ሲመረምራት የማህፀን በሯ ቀዳዳ በቦታው አልታየም። ትንሽ ጎድጎድ ያለ ጠባሳ ብቻ ነው ያለው፤ ቀጭኑ መመርመሪያ ዘንግ አላልፍ አለ። በብልት በኩል የሚነሳው አልትራሳውንድ ማህፀኗ በደም ተወጥሮ አሳየ። ቁስሉ ሲድን ጠባሳው ቀዳዳውን አጥብቦ ዘግቶታል። ማህፀን ሥራውን አላቆመም፤ በየወሩ ደም ያዘጋጃል፣ መውጫ ሲያጣ ሊገፋው ይኮማተራል። ምጥ የሚመስለው ያ ነው። ያበጠው ማህፀን የሽንት ፊኛዋን ስለሚጫን ሽንቷ ቶሎ ቶሎ ይመጣ ነበር። ከደሙ ጥቂቱ በጠባሳው ሾልኮ ይወጣል፣ ጥቂቱንም ሰውነት መልሶ ይመጠዋል፤ ሕመሙም ለጊዜው ይለቃል።

ይህ ከሊፕ በኋላ ሊያጋጥም እንደሚችል የሚታወቅ ነው፤ አብዛኞቹ ሴቶች ግን አይደርስባቸውም። ብዙ ወይም ጥልቅ ሥጋ ሲቆረጥ፣ ሕክምናው ሲደጋገም፣ ወይም ካረጡ በኋላ ሲሆን ዕድሉ ይጨምራል። የእሷ ቁስል ወደ ቀዳዳው የገባ ስለነበር ከወትሮው ጠለቅ ተብሎ ነው የተቆረጠው። ያንን ማድረጋቸው ትክክል ነው፤ ባይጠልቅ ኖሮ ቅድመ ካንሰሩ ይቀር ነበር።

ሕክምናው፣ የሠራውና ያልሠራው

መጀመሪያ በተመላላሽ ክፍል፣ ቦታውን አደንዝዘው ሊከፍቱት ሞከሩ። አልሆነም። ሕመሙ በዛባት፣ መንገዱም አልገኝ አለ። ሐኪሙ ቶሎ አቆመ። በጭፍን ቢገፋ ማህፀን ሊበሳ ይችላልና ማቆሙ ደግ ነው። እሷ ግን በዚያ ቀን ተስፋ ቆርጣ ነበር የወጣችው። "አይከፈትም ማለት ነው" ብላ።

በኋላ ኦፕሬሽን ክፍል ገባች። ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጣት፤ አንዱ ሐኪም በአልትራሳውንድ እያየ ሌላው ከቀጭኑ ወደ ወፈር ያለው እያፈራረቀ በማስፊያ ዘንግ ከፈተው። የጠቆረ፣ የተዝለገለገ ደም ወጣ። ከውስጥ ናሙና ተወስዶ ተመረመረ፤ ደህና ነው። ቀዳዳው ወዲያው እንዳይዘጋ ለጥቂት ጊዜ ለስላሳ ቀጭን ቱቦ ተቀመጠላት። ቱቦው ምቾት አልነበረውም፤ ግን ታገሠችው። ነሐሴ ላይ የወር አበባዋ በሥርዓቱ መጣ። ደውላ የነገረችን እንደ ምርቃት ነው።

በዚያ አላበቃም። ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ደሙ ቀጠነ፣ ሕመሙ መመለስ ጀመረ። እንዲህ ያለ ጥበት ተመልሶ ሊመጣ እንደሚችል ነግረዋት ስለነበር አንድ ወር እንኳ አልጠበቀችም። በዚያው ሳምንት ሄደች። ሙሉ በሙሉ ስላልተዘጋ በቀላሉ ሰፋላት።

የዓመቱ ክትትልም መላ ያስፈልገው ነበር። ቅድመ ካንሰር የታከመ ሰው በ12 ወሩ እንደገና መታየት አለበት። ቪ አይ ኤ ግን የሚሠራው የሚመረመረው ቦታ ከታየ ነው። የእሷ በጠባሳ ስለተሸፈነ በቪ አይ ኤ "ደህና ነሽ" ብትባል የሚታመን አይሆንም። ስለዚህ ናሙና ተወስዶ የሚመረመረው የኤች ፒ ቪ (የማህፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ቫይረስ) ምርመራ ተደረገላት። ቫይረሱ አልተገኘም። ቀጣዩ ደግሞ ከዓመት በኋላ ነው።

ከዚህ ጉዳይ የሚወሰደው

ከሁሉ በፊት፣ ሊፕ ክፉ ነው የሚል ሰው ይህን ጉዳይ እንዳይጠቅስብኝ። ሕክምናው የታሰበለትን ሠርቷል። ጉድለቱ ያለው ከሕክምናው በኋላ ባለው ጊዜ ነው።

የማህፀን በር ሕክምና ያደረገች ሴት፣ ምክንያቱ ይገናኝ አይገናኝ ሳትጨነቅ፣ ከዚያ በኋላ ለማንኛውም የሆድ ወይም የማህፀን ችግር ሐኪም ቤት ስትገባ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገሯ ይህ ይሁን፦ "እንዲህ በሚባል ወር የማህፀን በር ሕክምና ተደርጎልኛል።" ሕመሙ ከዚያ በኋላ ይምጣ። የተጻፈው እንግሊዝኛ ቢሆንም ወረቀቱን ይዛ ትሂድ፤ እሷ ባታነበው ሐኪሙ ያነበዋል። ከተቻለ መጀመሪያ የታከመችበት ቦታ ትመለስ። ፋይሉ እዚያ ነው።

ሕመሙ የተነሳበትንና የለቀቀበትን ቀን መጻፍ ምንም አያስወጣም። በየወሩ እየተመላለሰ ከሆነ ካሌንደሩ ያሳያል፣ ቃል ግን አያሳይም። "አልፎ አልፎ ያመኛል" የሚለው ንግግር ለሐኪም ምንም አይነግረውም። አልትራሳውንድ ሲታዘዝም "ሊፕ መሠራቴን ማዘዣው ላይ ይጻፉልኝ" ማለት መብት ነው። የማያፍር ሰው አጃቢ ካለ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው።

ባለሙያዎችን የሚመለከተው ምክሩ ላይ አንድ መስመር መጨመር ነው። "በሁለት ወር ውስጥ የወር አበባሽ ካልመጣ ወይም ጠብታ ብቻ ከሆነ ተመለሽ።" ይህችን ሲስተሯ ብትላት ኖሮ ሴትየዋ መጋቢት መጨረሻ ላይ ትመለስ ነበር፤ ምክር የምትሰማ ሰው ናትና። የፓቶሎጂ ውጤቷን ላልወሰደች ሴት ስልክ መደወልም ቢለመድ ጥሩ ነው።

የምትጠባበቅ ሴት ግን ይህን ትለይ። ወርን እየጠበቀ የሚመጣ ሕመም በቀጠሮ ሊታይ ይችላል። ከሕመሙ ጋር ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም የሚሸት ፈሳሽ ካለ የታሰረው ደም ተመርዞ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል መግባት ያስፈልጋል። ደም ከወር አበባ ከባዱ ቀን በላይ ከፈሰሰ፣ የወር አበባ ቀርቶ ሕመሙ በአንድ ጎን ከበረታ ወይም ራስ ካዞረም እንደዚሁ። ያኔ ካሌንደር መሙላቱ ይቆይ።